በኩር የወለዱ ላሞቼ እንደገና ኮርማ አልፈልግ አሉ፤ ጥጃ ማጥባቱንና መኖውን እንዴት ላስተካክለው?

ጥያቄ
ከብት አርቢ፣ ቀወት ወረዳ (ታኅሣሥ 6)

ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ በዕውቀትም በልምድም የምትበልጡኝ ሁሉ እንድትረዱኝ እጠይቃለሁ። የምኖረው ከሸዋ ሮቢት ከተማ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ሲሆን፣ ከማሽላና ከማሾ እርሻዬ ጎን ለጎን ወይፈን እያሳደግሁ ለአድላቢዎች እሸጣለሁ። ላሞቼን የማረባው ለወተት ብዬ አይደለም፤ ለቤት ከምትታለበው አንዲት ላም በቀር የሌሎቹ ወተት በሙሉ የጥጃው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የቦረና ዝርያ ያላቸው 9 ጊደሮች ገዝቼ ከ4ቱ ነባር ላሞቼ ጋር ቀላቀልኋቸው። ጊደሮቹ ሳያስቸግሩኝ አርግዘው፣ ባለፈው ዓመት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ሁሉም በሰላም ወለዱ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነባሮቹ 4 ላሞች በዚያው ወቅት ወልደው እስከ ጥቅምት ድረስ በዚያው ኮርማ ተጠቅተው አርግዘዋል። ከ9ኙ በኩር ወላጆች ግን ኮርማ ስትፈልግ ያየኋት 2ቱን ብቻ ነው፤ 7ቱ ከወለዱ ስድስትና ስምንት ወር እየሆናቸው እስካሁን ኮርማው አጠገባቸው ሲደርስ እንኳ ትተውት ይሄዳሉ። ጥጃዎቹ እጅግ ያማሩ ናቸው። እናቶቻቸው ግን ከስተው የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ ይቆጠራል። ጥጃዎቹ ቀን ከእናታቸው ጋር ተሰማርተው ይውላሉ፣ ሌሊትም በአንድ በረት ያድራሉ፤ ማንም የሚለያቸው የለም። መኖን በተመለከተ፣ በበጋ የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ እሰጣለሁ፣ በክረምት ተራራው ላይ ይሰማራሉ፣ ፉርሽካ የምትቀምሰው ግን የምትታለበዋ ላም ብቻ ናት።

ጎረቤቶቼ «መሲና ሆነዋል፣ ለገና ገበያ አውጣቸው» ይሉኛል፣ አንድ ነጋዴም ዋጋ ሰጥቶኛል። ላሞቹ ገና ወጣት ስለሆኑ ልቤ እሺ አላለኝም። ችግሩ የመኖ ነው ወይስ የማጥባት፣ ወይስ የማላውቀው በሽታ ይሆን? ጥጃዎቹን ብለያቸውስ ያማረው ሰውነታቸው አይበላሽብኝም ወይ?

መልስ 1
የእንስሳት እርባታ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን (ታኅሣሥ 7)

ወንድሜ፣ ሁኔታውን በሚገባ ዘርዝረው ስላቀረቡት ከሩቅ ሆኖ ለመገመት አያስቸግርም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ለነጋዴው መልስ ለመስጠት አይቸኩሉ። ሰባቱንም ላሞች ለእንስሳት ሕክምና ባለሙያ አሳይተው በእጅ ያስመርምሯቸው። የዘቡ (እንደ ቦረና ያሉ ሻኛ ያላቸው) ላሞች ኮርማ የሚፈልጉበት ሰዓት አጭር፣ ምልክታቸውም ደካማ ስለሆነ፣ ኮርማው ከመንጋው ጋር የሚያድር ከሆነ እርስዎ በተኙበት ሌሊት ተጠቅታ ያረገዘች ላም አትኖርም ማለት አይቻልም። ምርመራው ማሕፀናቸው ከወሊድ በኋላ በትክክል መሰብሰቡንና ከኢንፌክሽን ነጻ መሆኑንም ያሳያል። በወሊድ ጊዜ የእንግዴ ልጅ የቀረባት ላም ካለች ለሐኪሙ ለይተው ይንገሩ። ኮርማውን ግን ነባሮቹ ላሞች በእርሱ ስላረገዙ አልጠረጥረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ላም የምታረግዘው በአማካይ ለ283 ቀን ያህል ነው፤ በየዓመቱ ጥጃ ትስጥ ከተባለ እንግዲህ ከወለደች በ82 ቀን ውስጥ መልሳ ማርገዝ ይኖርባታል። ሰውነቷ ደህና የሆነ፣ ደጋግማ የወለደች የሥጋ ዝርያ ላም ከወለደች ከ50 እስከ 60 ባለው ቀን ኮርማ መፈለግ ትጀምራለች። በኩር የወለደችው ግን በጥሩ አያያዝም ሆና ከ80 እስከ 100 ቀን ይወስድባታል፤ አያያዙ ከጎደለ ደግሞ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እርስዎ ጋ ነባሮቹ አርግዘው በኩሮቹ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው እንጂ የቦረና ዝርያ ስለሆኑ ወይም መሲና ስለሆኑ አይደለም።

በኩር የወለደች ላም ራሷም ገና በማደግ ላይ ያለች ናት። አፏን ከፍተው ቢያዩ፣ የወተት ጥርሶቿ ገና እየተነቀሉ የዋናው ጥርስ ጥንድ እየበቀለ ያገኙታል፤ በዚህ ጊዜ አጭር ሣር ነጭታ መጥገብ ይቸግራታል። የምትበላው መኖ በመጀመሪያ ነፍሷን ለማቆየት፣ ቀጥሎ ለወተት፣ ከዚያም ለራሷ ዕድገት ይውላል። እርግዝና ድርሻውን የሚያገኘው ከእነዚህ ሁሉ የተረፈ ሲኖር ነው። የእርስዎ ጥጃዎች እጅግ ያማሩት የእናቶቻቸውን ጎድን እየበሉ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚመዘነው የላሟ ሰውነት ነው። ለዘቡ ከብት የሚሆን ባለ 9 ደረጃ መመዘኛ በ1986 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ በነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል በኢልካ ታትሞ ነበር፤ ሚዛን ለሌለው አርቢ ዛሬም የሚጠቅም ነው። ጠዋት ሳትበላ ከሦስት እርምጃ ርቀት በጎኗ ቆመው ይመልከቷት። የጎድን አጥንቶቿ ሁሉ የሚቆጠሩ፣ የጀርባ አጥንቷ ሾሎ የወጣ፣ በዳሌ አጥንቷና በጭራዋ ሥር መካከል ያለው ቦታ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ደረጃዋ 2 ወይም 3 ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጎድኖች ብቻ በስሱ ከታዩ 5 ነው። ጎድኗ ሳይታይ በእጅ ሲጫኑት ብቻ ከተገኘ 6 ደርሳለች። ደጋግማ የወለደች ላም 5 ሆና ብትወልድ ይበቃታል። በኩር ወላጅ ግን 6 ሆና ብትወልድ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ከወለደች በኋላ መክሳቷ አይቀርም፣ የከሳችውንም ቶሎ መመለስ አትችልም።

አንድ ደረጃ ማለት 280 ኪሎ ለምትመዝን ላም ከ20 እስከ 22 ኪሎ ነው። በቀን ሩብ ኪሎ ብትጨምር ይህን ለማግኘት ሦስት ወር ያህል ይፈጅባታል። ለዚህ ነው ከወሊድ በኋላ ከሚሰጥ መኖ ይልቅ ከወሊድ በፊት ባሉት ሦስት ወራት የሚሰጠው ብልጫ ያለው። በእነዚያ ወራት ሆዷ ሲገፋ ወፍራለች ብሎ መታለል አለ፤ የሚጨምረው ክብደት አብዛኛው የጽንሱ ነውና ጎድኗንና ጀርባዋን ይመልከቱ። «ብዙ ከበላች ጥጃው ይተልቅና በወሊድ ትቸገራለች» የሚለውን ስጋትም ደጋግሜ እሰማለሁ። ጊደርን ማስራብ ምጡን አያቀልም፤ አቅም አጥታ ረጅም ምጥ እንድታምጥና ደካማ ጥጃ እንድትወልድ ያደርጋታል።

ሁለተኛው ነገር ማጥባቱ ነው። ጥጃ ቀንና ሌሊት እንደልቡ ሲጠባ በእናቱ አንጎል ውስጥ እንቁላል የሚያበስለውና የሚያስለቅቀው ሆርሞን ይታፈናል። ይህ የሚሆነው ጡቷ ስለተነካ ብቻ አይደለም፤ የራሷን ጥጃ በዓይኗና በአፍንጫዋ ለይታ ማወቋ ጭምር ነው የሚያፍነው። አባቶቻችን ጥጃዋ የሞተባትን ላም በገለባ የተሞላ የጥጃዋን ቆዳ እያሳዩና እያስሸተቱ ያልቡ የነበረው ይህን ትስስር በሚገባ ስላወቁት ነው። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት በ1981 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ብራህማን የተባለው የዘቡ ዝርያ ደም ያላቸው በኩር ወላጆች ጥጃቸው 30 ቀን ከሞላው በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጠባ ሲደረግ በአማካይ በ69 ቀን ገደማ ኮርማ ፈልገዋል፤ ጥጃቸው እንደልቡ የጠባባቸው ግን 168 ቀን ገደማ ቆይተዋል።

የእርስዎ ጥጃዎች ግን ከስድስት ወር አልፈዋል። ጨጓራቸው ሣርና ገለባ ሊያመነዥግ በቅቷል፣ ላሞቹንም እርስዎ አያልቧቸውም። እንግዲህ የጊዜ ገደብ ማበጀት ሳያስፈልግ ሙሉ በሙሉ ጡት ያስጥሏቸው። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ማጥባቱን ለሚቀጥለው ወሊድ ያቆዩት።

ስለ መኖው በቁጥር እንነጋገር። የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ ከ100 ኪሎ ውስጥ 4 ኪሎ ያህል ብቻ ፕሮቲን አላቸው፤ ሆድ ውስጥ ያሉት መኖ የሚያብላሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ሥራቸውን እንዲሠሩ ግን ቢያንስ 7 ያስፈልጋል፣ የምታጠባ በኩር ወላጅ ደግሞ ወደ 10 የሚጠጋ ትፈልጋለች። 5 ኪሎ ጭድ 200 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። በዚያ ላይ 1 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ 300 ግራም፣ 1 ኪሎ ፉርሽካ 160 ግራም ያህል ይጨምሩለታል። ድምሩ በ7 ኪሎ መኖ ውስጥ 660 ግራም፣ ማለትም ከመቶ 9 ተኩል ገደማ ይሆናል። የማሾ ገለባ ካለዎት የጭዱን ግማሽ በእርሱ ይተኩት፤ የጥራጥሬ ገለባ ከእህል ጭድ ይሻላል፣ በእርስዎ አካባቢ ግን ብዙ ጊዜ ማሳ ላይ ሲረገጥ አያለሁ። ፋጉሎውን በአንድ ቀን ሙሉውን አይስጡ፤ ከሩብ ኪሎ ጀምረው በ10 ቀን ውስጥ ያድርሱት። ጨው ሁልጊዜ ከፊታቸው ይኑር። አጥንት ወይም ጨርቅ የምታኝክ ላም ካዩ የፎስፈረስ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።

መልስ 2
አርቢ እናት፣ ሞጃና ወደራ (ታኅሣሥ 9)

ልጄ፣ ባለሙያው የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ጥጃ መለየት በተግባር ምን እንደሚመስል ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ስለሆንን ላሞቻችን ይታለባሉ፣ ጥጃም ከድሮ ጀምሮ ለብቻው ይታሰራል፣ ጠዋትና ማታ በሚታለቡበት ጊዜ ብቻ ይጠባል። ቢሆንም ከአምስት ዓመት በፊት በኩር የወለደች አንዲት ጥቁር ላሜ ዓመት ሙሉ ኮርማ ሳትፈልግ ቀረች። ጥጃው ተለይቶ፣ ላሟም ደህና እየበላች ምን እንደጎደላት ግራ ገባኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድርቆሽ ልጥልላት ስገባ ነገሩን በዓይኔ አየሁት። የጥጃው ጋጣ ከእርሷ በረት የሚለየው በባሕር ዛፍ አጠና ብቻ ነበር፣ ጭቃው ረግፎ በሁለቱ አጠናዎች መካከል የእጅ መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረ። ላሟ ከግርግሙ ዞራ አፍንጫዋን በዚያ ክፍተት አሾልካ የጥጃውን ጆሮ ትልስ ነበር። በበረቱ በኩል ያለው የአጠናው ልጥ ከመላሷ ብዛት የተነሣ ልስልስ ብሎ አብረቅርቋል። በማግሥቱ ጥጃውን ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የበግ ጉሮኖ አዛወርሁት፣ እርሷ የምታየውም የምታሸተውም እንዳይሆን። ሁለት ሌሊት ሙሉ ጮኸች፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። በአምስተኛው ሳምንት ኮርማ ፈለገች። አጋጣሚ ነው የሚለኝ ቢኖርም ከዚያ በኋላ በሦስት ላሞች ላይ ይህንኑ አድርጌ ውጤቱን አይቻለሁ።

ስለዚህ የአንተን ጥጃዎች ስትለይ በአጥር ማዶ አታስቀምጣቸው። ከቻልህ ጎረቤት በረት፣ ካልቻልህም ቢያንስ ነፋሱ ወደ እናቶቻቸው ሽታቸውን በማያመጣበት በኩል አድርጋቸው። ጡቷን እበት እየቀቡ ማስጣል በእኛም አገር የታወቀ ነው፣ ለአንድ ጥጃ ያገለግል ይሆናል፣ ለሰባት ግን አድካሚ ነው፣ እናትና ልጅም እንደተላመዱ ይቆያሉ። ጥጃዎቹን ከመለየትህ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምረህ ከእናታቸው ጋር ሳሉ የማሾ ገለባና ትንሽ ፉርሽካ አስለምዳቸው፤ መብላት ሳይማር የተለየ ጥጃ ሆዱ ይነፋና ፀጉሩ ይቆማል። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይኑራቸው። የጠላ አተላ የምትሰጥ እንደሆነም ከገለባው ጋር ለውሰህ በጥቂቱ ስጣቸው እንጂ ብቻውን አታጠጣቸው።

ሌላም ልንገርህ። ወጣቶቹን ላሞች ከነባሮቹ ጋር በአንድ ግርግም አታብላ። ቀንዳም አሮጊት ላም ባለችበት በኩር ወላጅ ዳር ቆማ የተረፈውን ነው የምትለቃቅመው። ፋጉሎ ገዝተህ ሰጥተህ የሚወፍሩት ያረገዙት ነባሮቹ ይሆኑብሃል።

መልስ 3
ወጣት አርቢ፣ ምንጃር ሸንኮራ (ታኅሣሥ 11)

በሁለት ነገር ላይ ሐሳቤን ልጨምር እፈልጋለሁ፤ አንዱ የራሴ ስሕተት ስለሆነ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።

ጥጃን ለ48 ሰዓት ብቻ ለይቶ መልሶ መቀላቀል ላሟን ኮርማ እንድትፈልግ ያደርጋል የሚለውን በሥልጠና ላይ ሰምቼ፣ በግንቦት ወር በአምስት የከሱ ላሞቼ ላይ ሞከርሁት። አንዷም ኮርማ አልፈለገችም፤ ሁለት ጥጃዎች ግን ተመልሰው ሲጠቡ ከልክ በላይ ጠጥተው ተቅማጥ ያዛቸው። ዘዴው ሐሰት ሆኖ አይደለም። ሰውነቷ 5 እና ከዚያ በላይ በሆነች፣ ጥጃዋም ቢያንስ 30 ቀን በሞላው ላም ላይ የሚሠራ ነው። ላሟ 3 ላይ እያለች ከሆነ አንጎሏ ከጥጃው ሌላ የረኃብ ልጓምም አለበት፣ የጥጃውን ልጓም ብቻ ቢፈቱላት ባለችበት ትቆማለች። በመጀመሪያ ማብላት፣ ከዚያ መለየት ነው ቅደም ተከተሉ። የጠያቂው ጥጃዎች ትልልቅ ስለሆኑ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማድረግ ይቻላል፤ ትናንሽ ጥጃ ያላችሁ ግን እንደ እኔ አትቸኩሉ።

ሁለተኛው የወሊድ ወር ነው፣ በእኔ አስተያየት የችግሩ ሥር ይህ ነው። የጠያቂው ጊደሮች የወለዱት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። በዚህ ስሌት የእርግዝናቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በሙሉ ያረፉት ሣር በጠፋበትና ጭዱም በሚያልቅበት ጊዜ ላይ ነበር፤ ገና ሳይወልዱ ከስተዋል ማለት ነው። ጊደር ኅዳር 15 ብትጠቃ የምትወልደው ነሐሴ 28 ገደማ ነው። የመጨረሻዎቹን ወራት የክረምቱን ሣር እየበላች ታሳልፋለች፣ ከወለደች በኋላም የመስከረምና የጥቅምት ልምላሜ፣ ቀጥሎም የአዝመራው ቅሪት ይጠብቃታል። ኮርማ መፈለግ ያለባት ቀን ተመልሶ ኅዳር 15 ላይ ያርፋል፣ በዚያን ጊዜም ገና ሥጋ አላት። ኮርማ ዓመቱን ሙሉ ከመንጋ ጋር የሚኖር ከሆነ ግን ወሩን የሚመርጠው አርቢው አይሆንም። እኔ ጊደሮቼን ከኅዳር መጀመሪያ በፊት ለኮርማ አላቀርብም፤ የአዋቂ ላም ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህል ያልደረሰችውንም ለሚቀጥለው ዓመት አቆያታለሁ።

በጋውን ለመሻገር የጤፍ ጭድ በዩሪያ ማከምም ረድቶኛል። 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ አሟሙቶ 100 ኪሎ ጭድ ላይ በእኩል መርጨት፣ ጉድጓድ ውስጥ ረግጦ በፕላስቲክ አየር እንዳይገባው አድርጎ 3 ሳምንት ማፈን፣ ከመስጠት በፊትም የታፈነው ሽታ እንዲወጣ አንድ ቀን ማናፈስ ነው። ያልሟሟ ዩሪያ ከብት ስለሚገድል ከረጢቱ ከበረት መራቅ አለበት፤ ገና የማያመነዥግ ትንሽ ጥጃም ይህን ጭድ ሊበላ አይገባውም።

የጠያቂው ምላሽ
ከብት አርቢ፣ ቀወት ወረዳ (ጥር 3)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ እናቴ ስለ አጠናው ክፍተት የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ የእኔን በረት ዞሬ ሳየው በግማሽ ጎኑ አጥር እንኳ የለውም። ላሞቹን ለገና አልሸጥኋቸውም። ሐኪሙ ሰባቱንም መርምሮ አንደኛዋ የሦስት ወር ያህል እርጉዝ ሆና ተገኘች፣ ነጋዴው ዓይኑን ጥሎባት የነበረችው እርሷ ናት። ስድስቱ ማሕፀናቸው ንጹሕ ነው፣ እንቁላል የሚያፈራው ክፍል ግን ትንሽና ዝም ያለ ነው ብሎኛል። በባለሙያው መመዘኛ ስመለከታቸው አራቱ 3፣ ሁለቱ 4 ናቸው። ለጉበት ትልም መድኃኒት አጠጥቷቸዋል። ጥጃዎቹ ከታኅሣሥ 26 ጀምሮ ወንድሜ ቤት ናቸው። የማሾ ገለባውንም ከማሳ ሰብስቤ ከዝናብና ከፀሐይ በተከለለ ቦታ ከምሬዋለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። እነዚህ ላሞች አሁን አገግመው መጋቢት ላይ ቢያረግዙ የሚወልዱት ታኅሣሥ ነው። የምንጃሩ ወንድሜ ከመከሩት ወር ጋር አይገጥምም። ኮርማውን ለይቼ እስከ ኅዳር ላቆያቸው ወይስ ልተዋቸው?

መልስ
የእንስሳት እርባታ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን (ጥር 5)

አያቆዩአቸው። ከኅዳር እስከ ኅዳር የሚያልፈው ጊዜ ለስድስት ላም ስድስት ጥጃ ማለት ነው። በተጨማሪም ታኅሣሥ ለእርስዎ አካባቢ ክፉ ወር አይደለም፤ መጋቢት 1 የተጠቃች ታኅሣሥ 9 ገደማ ስለምትወልድ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ከመስከረም እስከ ኅዳር ያርፋሉ፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የማያገኙትን ሣር ያገኛሉ። የሚጎድለው ከወሊድ በኋላ ያለው መኖ ነው። ስለዚህ የዘንድሮውን የማሾ ገለባና ፋጉሎ እንዳደረጉት ሁሉ የሚቀጥለውንም ዓመት ከጥቅምት ጀምረው ያከማቹ፤ የመስኖ ቦይ ካለዎት በዳርቻው ዝሆኔ ሣር ይትከሉ። የምንጃሩ ወንድማችን የኅዳር ምክር እጅግ ተገቢ የሚሆነው አሁን በእጅዎ ላሉት ሴት ጥጃዎች፣ ጊደር ሲሆኑ ነው።

ኮርማው ከላሞቹ ጋር ይቆይ። አዋቂ ኮርማ በአጠገብ መኖሩ ራሱ በኩር ወላጆች ቶሎ ኮርማ መፈለግ እንዲጀምሩ ያግዛል። የመጀመሪያው ፍላጎት ደካማ ሊሆንና ላሟ በመደበኛው 21 ቀን ፈንታ ከ8 እስከ 12 ባለው ቀን ልትመለስ ትችላለች፤ ይህ ከረጅም ዝምታ በኋላ የተለመደ ስለሆነ አልያዘላትም ብለው አይደንግጡ፣ መድኃኒትም አይፈልጉላት። 3 የነበሩት አራቱ 5 እስኪደርሱ ድረስ ፋጉሎውን አይቀንሱባቸው፤ ከመጋቢት በፊት ይደርሳሉ ብለው ግን አይጠብቁ።

በሚቀጥለው ወሊድ እንገሩን ጠጥቶ 30 ቀን እስኪሞላው ድረስ ጥጃውን ከእናቱ አይለዩት። ከ30ኛው ቀን በኋላ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ላሟ ከከሳች ደግሞ ለጥጃው ፉርሽካና ጥሩ ድርቆሽ እያስለመዱ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ያጥቡት፤ ቀሪውን ጊዜ እናታችን እንዳሉት ከዓይኗም ከአፍንጫዋም ያርቁት። ኮርማ ከፈለገችና ከተጠቃች በኋላ በ21ኛው ቀን ካልተመለሰች ጥጃውን ቀስ በቀስ እንደ ቀድሞው መልቀቅ ይችላሉ። በረቱ ግድግዳ ላይ በከሰል የላሟን ምልክት፣ የወለደችበትን ቀንና ኮርማ የፈለገችበትን ቀን ይጻፉ፤ በመጋቢት መጨረሻ የትኛዋ እንደተመለሰች ከነቀኑ ቢነግሩን የየአንዳንዷን አብረን እናያለን።